የዓምደ ሚካኤል ጉማሬ

መምህር ሀዲስ ሹም አቦ ሠፈር ሲኖር አንድም ጠላት አላፈራም። ይህንንም እንደ ትልቅ ሙያ ይቆጥረው ነበር። ጠላት የሌለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ቅዱስ ነው፣ ወይ አቋም የለውም። ሀዲስ ቅዱስ አልነበረም።

ስብሰባ ሲጠራ አይቀርም። ሲገባ ከፊት አይቀመጥም፣ «አጎብዳጅ» እንዳይባል፤ ከኋላም አይቀመጥም፣ «አድመኛ» እንዳይባል፤ መሐል ነው። እጁን የሚያወጣው ሌላው ሁሉ ተናግሮ ካበቃ በኋላ ነው፤ የሚለውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የቀደመውን ተናጋሪ ሐሳብ እጋራለሁ።» የቀደመው ተናጋሪ «ይሸለም» ብሎ ከሆነ ይጋራል፤ «ይሰቀል» ብሎ ከሆነም ይጋራል። መንግሥት ሲለወጥ ጎረቤቱ ሁሉ የግድግዳ ፎቶግራፍ ሲያወርድና ሲሰቅል ሀዲስ እንቅልፉን ይለጥጣል፤ በእሱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ብቻ ነው። ሰዓቱም አይሠራም ነበር።

የሚያስተምረው አማርኛ ነው፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ከመጽሐፉ ሁሉ የሚወደው የዘይቤን ምዕራፍ ነበር፤ ሰውኛ፣ ተለዋጭ፣ ግነት፣ ምፀት። «ዘይቤ ማለት ሳይያዙ መናገር ነው» ይላቸዋል ተማሪዎቹን። ልጆቹ ይስቃሉ። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም፤ የሕይወት ታሪኩን ነበር የሚነግራቸው።

እንዲህ ሆኖ ጡረታው ላይ ይደርስ ነበር፣ ከተማዋ ባትዘጋበት። የጎንደሩ መንገድ ሲከፈት የአዲስ አበባው ይዘጋል፤ ያም ሲከፈት ይሄኛው ይዘጋል። ኢንተርኔቱ ጠፋ። ማታ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ባጃጆቹ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ይሰበሰባሉ። ሐይቁ ብቻ ክፍት ነው፤ ሐይቅ ላይ ደግሞ የት ይኬዳል? ትምህርት ቤቱ አንድ ሰሞን ተከፈተ፣ አንድ ሰሞን ተዘጋ። ከጫካ ያሉት «ለማን ብለህ ታስተምራለህ?» ብለው መልእክት ይልካሉ፤ ከተማ ያሉት «ለምን አታስተምርም?» ብለው ይጠሩታል። ሀዲስ ዕድሜውን ሙሉ የቀደመውን ተናጋሪ ሲጋራ ኖሮ ሁለት ተናጋሪ ባንድ ጊዜ ሲጮህበት የየትኛውን እንደሚጋራ ጠፋው። ያን ጊዜ ነው ቤቱን ዘግቶ ልቦለድ መጻፍ የጀመረው። ወላዋይ ሰው ሲጨንቀው ወይ ይጠጣል ወይ ይጽፋል፤ ሀዲስን ደግሞ ጨጓራው ያመው ነበር።

ነገ ከዛሬ እንዴት እንደሚከፋ የሚያሳይ ልቦለድ ነው። ዘመኑ ገና ያልተወለዱ ልጆች የሚያረጁበት ዘመን ነው። ከተማዋ ስም የላትም፣ ሐይቁም ስም የለውም። በዚያች ከተማ ማዕበል ክልክል ነው፤ ማዕበል ማለት ውሃ ያለ ፈቃድ መሰብሰቡ ነውና። ጉም ከሐይቁ ከመነሣቱ በፊት መታወቂያ ያሳያል። በሐይቁ አፍ ላይ «ቆላፊው» የሚሉት ሰው ተቀምጦ ውሃውን ጠዋት ይከፍታል፣ ማታ ይዘጋል። ከከተማዋ ቅጥር ውጭ ደግሞ «የውጭዎቹ» አሉ፤ እነሱም ወደ ሐይቁ የሚገቡትን ወንዞች ይዘጋሉ። ዓሣዎቹ መሐል ናቸው። ይህን ሁሉ የሚተርከው ሰው አይደለም፤ ጉማሬ ነው። ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ከውሃ በላይ ብቅ አድርጎ፣ ያን የሚያህል ገላ ከታች ደብቆ፣ ያየውን ሁሉ ያወራል።

ጽሑፉን ያስገባው በካሚል ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ነው። ካሚል የሐይቅ ዳር ልጅ ነው፤ አባቱ እስከ ዛሬ ደንገል እያሰሩ ታንኳ ይሠራሉ፣ እሱ ግን ወረቀት ይሻላል ብሎ ኮፒ ቤት ከፍቷል። ከሀዲስ ጋር የድሮ ጓደኛሞች ናቸው። አንዱ በጣም ዝም ይላል፣ ሌላው በጣም ያወራል፤ እንዲህ ያለ ወዳጅነት ይጸናል።

«ምን ነካህና ነው ጉማሬ ያደረግኸው?» አለው ካሚል፣ ገጾቹን ከማተሚያው ላይ እየሰበሰበ።

«ጉማሬ አይታሰርማ።»

«ይታደናል እንጂ! የኛ አባቶች በጦር ሲያሳድዱት አልነበር?»

«ቀልድህን ተው። ዘመኑ የወደፊት ነው፤ አገሩ የለም፤ ተራኪው እንስሳ ነው። ሰውኛ አለ፣ ምፀት አለ፣ ግነት አለ። ማን ምን ብሎ ይይዘኛል? ‹ጉማሬው ሰደበኝ› ብሎ ይከሳል?»

«መምህር፣ አንተ መጽሐፍ አልጻፍህም። ምሽግ ነው የቆፈርህ።»

ካሚል እውነቱን ነው። ሌላው ደራሲ ዘይቤን የሚያመጣው ነገሩ እንዲያበራለት ነው፤ ሀዲስ ያመጣው እንዲጨልምለት ነው። በሽፋኑ ላይም ስም የለም። ግን ካሚል የመጨረሻዋን ገጽ ሲያነሣ ቆም አለ። ከታች በግዕዝ አንዲት መስመር አለች፦ «እግዚኦ መሐሮ ለገብርከ ዓምደ ሚካኤል ጸሐፊሁ።»

«ይኼስ ማን ነው?»

ሀዲስ ፊቱ ቀላ። የሀዲስ አባት በሐይቁ ገዳማት ብራና ሲጽፉ የኖሩ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። መጽሐፍ ያለ ጸሐፊው ጸሎት አያልቅም ብለው ነው ያሳደጉት፤ ጸሐፊው በመጨረሻው ቅጠል ላይ በክርስትና ስሙ እግዜርን ምሕረት ይለምናል፤ ያን ያላደረገ እጅ የተበደረውን እንዳልመለሰ ይቆጠራል። ሀዲስ ከአባቱ ሙያ ምንም አልወረሰም፤ ቀለም መበጥበጥ አያውቅም፣ ብራና አልፋቀም። ይቺን አንዲት ልማድ ግን ወረሰ፤ እሷም በማይሆን ቀን ትዝ አለችው።

«የክርስትና ስሜ ነው» አለ።

«ስሜን አታውጣ ስትለኝ አልነበር?»

«መታወቂያዬ ላይ የለም። የትም አልተመዘገበም። የሚያውቁት እግዜርና የነፍስ አባቴ ናቸው።»

«እና እነዚህ ሁለቱ ከሰው አይነጋገሩም?»

«አጥፋት እንዳትለኝ፣ ካሚል። አባቴ በሕልሜ ይመጡብኛል።»

ተመልከቱ እንግዲህ። መንግሥትን በዘይቤ ሸወደ፣ ጫካውን በዘይቤ ሸወደ፣ የሞቱትን አባቱን ግን መሸወድ አልሆነለትም።

ካሚል አንድ ቅጂ ለራሱ አስቀረ። አንድ ለአማቹ አዋሰ። አማቹ ለባጃጅ ነጂ፣ ባጃጅ ነጂው ለፋርማሲ ሠራተኛ። ኢንተርኔት የሌለው ከተማ ወረቀት ይበላል፤ ብዙም ሳይቆይ ጉማሬው ከሹም አቦ እስከ ጢስ ዓባይ ዋኘ። አስቂኙ ነገር ሰው ሁሉ ራሱን እያገኘበት መቆጣቱ ነው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ቆላፊው እኔ ነኝ አለ። ልጇ ጫካ የገባባት ሴት የውጭዎቹ የተባሉት እነ ልጄ ናቸው ብላ ረገመች። ሀዲስ ማንንም ላለመንካት ብሎ ስሙን ሁሉ አጥፍቶ ነበር፤ ስም የሌለው ስድብ ደግሞ ለሁሉም ይበቃል።

አንዱ ቅጂ የአካባቢው ጸጥታ ኃላፊ አቶ ሀብተ ሥላሴ እጅ ገባ። ሀብተ ሥላሴ የሀዲስ የቀድሞ ተማሪ ነው። በአማርኛ ደካማ ነበር፤ በስብሰባ ግን በርትቶ እዚህ ደረሰ። ጉማሬውን ሁለቴ አነበበና ቆላፊው እሱ ራሱ መሆኑን ተረዳ። ከዚያ የመጨረሻዋን መስመር አየ። የነዋሪውን መዝገብ አስፈተሸ፤ ዓምደ ሚካኤል የሚባል የለም። ግን እሱም የቄስ የልጅ ልጅ ስለሆነ እንዲህ ያለ ስም በመዝገብ ሳይሆን በጥምቀት እንደሚገኝ አላጣውም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ደጃፉ ላይ ጫማውን አወለቀ።

ቄስ መርስዔ ኀዘን የአጥቢያው የነፍስ አባት ናቸው፤ የግማሹ ሠፈር ኃጢአት እሳቸው ሆድ ውስጥ አለ። ከቅዳሴ ወጥተው ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ ዓምደ ሚካኤል የሚባል ያውቃሉ?»

ካህኑ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። በአጥቢያቸው ሁለት ዓምደ ሚካኤል ያውቃሉ። አንዱ በሕይወት አለ፣ ንስሐውን የሚናዘዘው እሳቸው ዘንድ ነው። አንዱ ግን ባለፈው ክረምት ተቀብሯል፤ የዓለም ስሙ ይበልጣል ይባል ነበር፣ ጢስ ዓባይ ላይ የውሃ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሮ ጡረታ የወጣ ዝምተኛ ሰው።

«አንድ ነበር» አሉ። «ይበልጣል፣ ነፍሱን ይማረው። ፍትሐት የተፈታለት በዚህ ስም ነው። አንተም ቀብሩ ላይ ቆመህ ነበር፤ ስሙ ሲጠራ አልሰማህም?»

ሀብተ ሥላሴ አስታወሰ። ያውም የውሃ በር ከፋች! ስለ ሐይቅ ቁልፍ የሚጽፍ ከሱ ሌላ ማን ይሆናል? ወንጀሉ ተገኘ፣ ወንጀለኛውም ተገኘ፣ ወንጀለኛውም አያመልጥም። ለጸጥታ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም።

ካህኑ አልዋሹም፤ በሕይወት ስላለው አልተጠየቁም። እንዲህ ያለውን ነገር በእኔ ዘመን አድርባይነት እንለው ነበር፤ እሳቸው ጥበብ ይሉታል። በማግስቱ ሀዲስን ጥግ ጠርተው በጆሮው ነገሩት።

«ልጄ፣ ሞተሃል። ደስ ይበልህ።»

ሀዲስ ነገሩን ሲረዳ የካህኑን መስቀል ሦስቴ ተሳለመ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው።

«እትዬ እናትዓለምስ፣ አባ? የይበልጣል ባለቤት?»

«ባልቴትን ምን ይሏታል?» አሉ ካህኑ፤ ዓይናቸውን ግን ወደ ግቢው ዛፍ መለሱ።

ብዙም ሳይቆይ ምን እንደሚሏት ታወቀ። ጠዋት ሁለት የታጠቁ ሰዎች መጥተው «ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» ብለው እትዬ እናትዓለምን ከቤታቸው ወሰዷቸው። ሀዲስ የሰማው ኮፒ ቤቱ ውስጥ ነው። መጀመሪያ «ይለቋቸዋል» አለ። ቀጥሎ ስለ ሕግ ተናገረ፤ ሚስት በባሏ ጽሑፍ አትጠየቅም፣ ሙት አይከሰስም፣ ልቦለድ ማስረጃ አይሆንም። ካሚል ስቴፕለሩን እየሞላ አዳመጠው።

«መምህር፣ ጉማሬህ አፍንጫውንም አስገባ እንዴ?»

«እኔ ብናገር ምን ይጠቅማቸዋል?»

«ይለቋታላ! ጻፍሁ የሚል ከመጣ እሷን ምን ያደርጓታል?»

«ያስሩኛል፣ ካሚል። ከተፈታሁም ጫካ ያሉት ይጠብቁኛል። የት እሄዳለሁ? መንገድ አለ?»

«የለም» አለ ካሚል። «ለሷስ አለ?»

ሀዲስ ኮቱን ቆለፈ፣ ፈታ፣ እንደገና ቆለፈ፤ ወጣ። በዘንባባው መንገድ ወደ ጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ቆመ። አንዴ የጫማውን ክር ለማሰር ነው፣ ጫማው ክር የለውም። አንዴ ሐይቁን ለማየት ነው፣ ከዚያ ሐይቁ አይታይም። እንዲያም ሆኖ ደረሰ። የሚገባውን ምስጋና አልነፍገውም፤ ደረሰ።

ሀብተ ሥላሴ ሲያየው ከወንበሩ ተነሣ።

«መምህር! ምን እግር ጣለዎት?»

«እኔ ነኝ» አለ ሀዲስ።

«ምኑን?»

«ጉማሬውን። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ዓምደ ሚካኤል የኔም የክርስትና ስም ነው።»

ሀብተ ሥላሴ ሳቀ፤ ሳቁ ከልቡ ነበር፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እርስዎ? መምህር፣ እርስዎ ስብሰባ ላይ መጨረሻ እጅ አውጥተው ‹የቀደመውን ተናጋሪ› ካሉት ሌላ ሲናገሩ ሰምቼዎ አላውቅም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ እርስዎ?»

«እውነቴን ነው፣ አቶ ሀብተ ሥላሴ። ጉማሬው ምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ሰውኛ ዘይቤ ነው፤ ማዕበሉ ደግሞ—»

«አስተማሪ ይሄን ቢያውቅ ይገርማል? እርስዎ አይደሉም ያስተማሩኝ? ምፀት የሚሉትን እንኳ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ገባኝ። ለባልቴቷ አዝነው ነው የመጡት። ጥሩ ሰው ነዎት። ይቀመጡ፣ ውሃ ይጠጡ።»

ዕድሜ ልኩን የሸመነው መደበቂያ ይሄውላችሁ፤ ሊያወልቀው ቢል አልወልቅ አለው። ሀብተ ሥላሴም ቢሆን ማመን አይፈልግም። በሕይወት ያለ ደራሲ ከተገኘ የበላዮቹ «እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» ይሉታል፤ የሞተ ደራሲ ግን ማንንም አያስጠይቅም።

ያን ጊዜ የውስጡ በር ተከፈተና እትዬ እናትዓለም ወጡ። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተዋል፤ ፊታቸው ግን የለቅሶ ፊት አልነበረም። ሰርግ ቤት የተጠሩ ይመስሉ ነበር።

«እንዲህ ነው ያልሁት፣ ደግሜ እላለሁ» አሉ ወደ ሀብተ ሥላሴ። «ባሌ ነው የጻፈው። ምን ታደርጉታላችሁ? ከመቃብር ታወጡታላችሁ?»

«እትዬ እናትዓለም» አለ ሀዲስ፣ «እኔ ነኝ የጻፍሁት። ባለቤትዎ አይደሉም።»

ሴትዮዋ ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አንተ?»

«እኔ፣ እትዬ።»

«አታፍርም? የሙት ሰው ሥራ ትቀማለህ?»

«እትዬ፣ እኔ እርስዎን ለማዳን—»

«ማን አድነኝ አለህ? ይበልጣል ከኔ ጋር ሲኖር ‹እራት ቀረበ ወይ› ካለው በቀር ምን ተናገረ? ማታ ከጢስ ዓባይ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ብቻ ያንከራትታል። ልቡ ውስጥ ምን እንዳለ ሳላውቅ ቀበርሁት ብዬ ክረምቱን አለቀስሁ። አሁን እነዚህ ልጆች ጠርተው አነበቡልኝ። ያ ጉማሬ ማን ነው? ባሌ ነው! ዓይኑ ነው፣ ዝምታው ነው! እንዲህ ሲያስብ ኖሯል ለካ! እና አንተ መጥተህ የኔ ነው ትለኛለህ?»

ሀብተ ሥላሴ ጉሮሮውን ጠረገ። ባልቴቷን አስጠነቀቀ፤ የሟቹን ስም መዘገበ፤ ቅጂዎቹ እንዲሰበሰቡ አዘዘ፤ ፋይሉን ዘጋ። ለመምህሩ «ተማሪዎን አይርሱ» አለው። ሁለቱም ወደ ቤታቸው ተለቀቁ። በመንገድ ላይ እትዬ እናትዓለም ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር፣ አንድም ጊዜ ዞረው አላዩትም።

እንዲህ ሀዲስ ዳነ። ከመንግሥት ዳነ፣ ከጫካ ዳነ፣ ከራሱ መጽሐፍም ዳነ። ሁለተኛ ልቦለድ ጀምሮ ነበር፤ ግን በምን ስም ያውጣው? ሙት ሁለተኛ መጽሐፍ አይጽፍም። ሦስት ምዕራፍ ላይ ተወው። የሠፈሩ ሰው ደግሞ ቅጂውን ሁሉ አላስረከበም፤ ይበልጣልን «እንዴት ያለ ሰው ነበር!» እያለ ያነሣል፣ ሀዲስም በመሐል ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። የቀደመውን ተናጋሪ ሐሳብ ይጋራል፤ ሌላ ምን ያድርግ?

አንድ እሑድ እትዬ እናትዓለም በሩን አንኳኩ። ቅጂው ነጠላቸው ውስጥ ነበር።

«ቂም የለኝም» አሉት። «ሰው ሲደነግጥ ብዙ ይላል። ዓይኔ ፊደል አይለይም። አንተ ደግሞ አማርኛ አስተማሪ ነህ። ቁጭ በልና የባሌን መጽሐፍ አንብብልኝ፤ የሸሸገውን ሁሉ ግለጥልኝ።»

አነበበላቸው። በሚቀጥለውም እሑድ መጡ፤ በሚቀጥለውም። እሱ «ይህ ምፀት ነው» ይላል፤ እሳቸው «እንዲህ ያለው እኔ በሰርጌ ቀን የለበስሁትን አስታውሶ ነው» ይላሉ። እሱ ማዕበሉን ሲፈታ እሳቸው ሆዳቸውን ይይዛሉ፤ ማዕበሉ ያልወለዱት ልጅ ነው። ቆላፊው አማታቸው ናቸው። ሀዲስ እያንዳንዷን መስመር ለምን እንደጻፋት ያውቃል፤ መናገር ግን አይችልም። አንዴ ተናግሮ ማን አመነው?

መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረሱ። ቆላፊው እንቅልፍ ወስዶት የሐይቁ በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ይውላል። ዓሣዎቹ ይወጣሉ፣ ጉሙ ይወጣል፣ ውሃው ሳይቀር ይወጣል። ጉማሬው አይወጣም። በሩን እያየ ባለበት ይቀራል።

እትዬ እናትዓለም ጠየቁ።

«ለምን አልወጣም?»

ሀዲስ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እዚያው ተቀምጧል።

«ፈርቶ ነው፣ እትዬ» አለ በቀስታ። «እንዲህ ብሎ ብሎ፣ ተደብቆ ተደብቆ፣ ገላውን ሙሉ ይዞ መውጣት—»

«ፈርቶ?» አሉ፣ ተቆጥተው። «ይበልጣል ይፈራል? እኔ ከውስጥ እያለሁ ጥሎኝ የት ይሄዳል! አንተ ባሌን አታውቀውም። በል፣ እንደገና ከመጀመሪያው አንብብልኝ።»

ሀዲስ መነጽሩን ጠረገ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠና ማንበብ ጀመረ።